የጀሞውን ቤት አይሽጡት

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ ነው፤ ጥቂት አሳጥረነዋል።

«ልጄ 24 ዓመቱ ነው። ወደ አሜሪካ ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አሁን ዜጋ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ወር ልብሱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የተጣጠፈ ፎይል አገኘሁ። የሳንድዊች መጠቅለያ መስሎኝ ነበር። ስዘረጋው መሐሉ ላይ ጥቁር የተቃጠለ መስመር አለው። እህቱ ናት የነገረችኝ፣ ሰማያዊ ክኒን እያጨሰበት ነው። ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን ተጎድቶ ፐርኮሴት የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዞለት ነበር፤ ከዚያ ነው የጀመረው። ስጠይቀው አልካደኝም። ‹እማዬ፣ መተው እፈልጋለሁ፣ ግን ሲለቀኝ የምሞት ነው የሚመስለኝ› ብሎ አለቀሰ። አንድ ማገገሚያ ደውዬ ለ28 ቀን 26 ሺህ ዶላር አሉኝ። ልጄ መጋዘን ውስጥ ግማሽ ቀን ይሠራል፣ በወር 1,400 ዶላር ያገኛል፣ ኢንሹራንስ የለውም። ጀሞ ያለችንን ኮንዶሚኒየም ልንሸጥ ለደላላ ነግረናል። አባቱ ደግሞ ‹አዲስ አበባ አያቱ ጋ ይሂድ፣ ጸበል ይጠመቅ› ይላል። መድኃኒት አለ ሲባል ‹ሱስን በሱስ መተካት ነው› ብሎ አይሰማም። እኔ ደግሞ ሰው ሰምቶ ስሙ እንዳይጠፋ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»

ውድ እናት፣

ደላላውን ዛሬውኑ ደውለው «ቆይ» ይበሉት። ለልጅዎ የሚሆነው ሕክምና 26 ሺህ ዶላር አያስፈልገውም። በዚህ በሽታ ከሁሉ በላይ ሕይወት የሚያተርፈው ሕክምና ከርካሾቹ አንዱ ነው። ልጅዎ ደግሞ አልካደም፤ «መተው እፈልጋለሁ» ብሏል። ይህን ቃል ለመስማት ዓመታት የሚጠብቁ ቤቶች አሉ። ፍላጎቱ ሳይቀዘቅዝ በዚህ ሳምንት ሐኪም ፊት እናድርሰው።

ግን በመጀመሪያ የዛሬን ሌሊት ጉዳይ እንጨርስ። ያ ሰማያዊ ክኒን በአንድ በኩል «ኤም»፣ በሌላው «30» ተጽፎበት ሊሆን ይችላል። የፋርማሲ ክኒን ይመስላል። ዛሬ መንገድ ላይ የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፌንታኒል ነው። ፌንታኒል በጣም ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ከሄሮይን 50 እጥፍ ያህል ይበረታል። የሚሠሩት ሰዎች ሚዛን አይጠብቁም፤ ከአንድ ከረጢት የወጡ ሁለት ክኒኖች አንዱ የሚያደነዝዝ፣ ሌላው የሚገድል ሊሆን ይችላል። በ2023 በአሜሪካ ከ105 ሺህ በላይ ሰው በዕፅና በመድኃኒት መጠን መብዛት ሞቷል። ከአሥሩ ሞት በሰባቱ ገደማ የፌንታኒል ዓይነት ነበረበት።

ስለዚህ ናርካን ቤትዎ ውስጥ ይኑር። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ነው፤ የቆመውን ትንፋሽ ይመልሳል። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ሁለት ዶዝ ያለበት ካርቶን 45 ዶላር ገደማ ነው፤ የካውንቲው ጤና ቢሮ በነፃ ይሰጣል። ልጅዎ ተጠርቶ ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ ወይም ጉሮሮው ውስጥ ውኃ ያለ ይመስል ቢያንኮራፋ፣ «ደክሞት ተኝቷል» ብለው አይለፉት። በእኛ ቆዳ ላይ ከንፈር ሰማያዊ ላይሆን ይችላል፤ አመድ ይመስላል። ከንፈሩንና ጥፍሩን ይዩ። አንዱን በአንድ አፍንጫው ይርጩ፣ 911 ይደውሉ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላው አፍንጫ ይድገሙ። ፖሊስ ይዞት ይሄዳል ብለው አይፍሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ሰው ለማዳን የደወለውንም፣ የታመመውንም፣ ለራሱ በያዘው ዕፅ ከመታሰር የሚጠብቅ ሕግ አለ።

አሁን ወደ 26 ሺሁ ዶላር እንምጣ።

የአጎቴ ልጅ በሌላ ስቴት እንዲህ ያለ ቦታ ገብቶ ነበር። ቤተሰቡ ተበድሮ ከፈለ። ሠላሳ ቀን ምንም ሳይወስድ ቆየ። ፊቱ ሞልቶ፣ እየሳቀ ወጣ። በስድስተኛው ቀን ሞተ። ያኔ ማንም ያልነገረንን ነገር በኋላ ነው የተማርነው። ሰው ለሳምንታት ሲያቆም ሰውነቱ የለመደውን መጠን መቋቋም ያቅተዋል። ሐራራው ግን አልጠፋም። ሲመለስ የድሮውን መጠን ይወስዳል፤ ያ መጠን አሁን ይገድለዋል። መድኃኒት ሳይሰጡ «አጽድተናል» ብለው የሚሸኙ ቦታዎች ሰውን ከገባበት ጊዜ ለባሰ አደጋ አጋልጠው ሊያወጡት ይችላሉ። ልጁን አዲስ አበባ መላክም ያው ነው። አያቱ ቤት ሁለት ወር ጸድቶ፣ ሐኪሙም ፋርማሲውም እዚህ ቀርተው፣ ሲመለስ የድሮ ጓደኞቹ እዚያው ሠፈር ይጠብቁታል።

ማገገሚያ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የዚህን ሱስ መድኃኒቶች ስም ጠርተው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋቸው፦ «ቡፕረኖርፊን ወይም ሜታዶን ታስጀምራላችሁ? ሲወጣስ እንዲቀጥል ታደርጋላችሁ?» መልሱ «አይ፣ እኛ ያለ መድኃኒት ነው የምናክመው» ከሆነ ስልኩን ይዝጉት።

መድኃኒቶቹ ሦስት ናቸው። ለልጅዎ መጀመሪያ የሚታሰበው ቡፕረኖርፊን ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሰቦክሰን በሚለው የንግድ ስሙ ነው፤ ቡፕረኖርፊንና ናሎክሰን አንድ ላይ ያሉበት ነው። ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ስስ ፊልም ወይም ክኒን ነው። ፌንታኒል የሚቀመጥበትን የአንጎል ቦታ ይይዛል፣ ሐራራውን ያስታግሳል፣ ግን ከተወሰነ በላይ ቢወሰድም ኃይሉ አይጨምርም። ሌላ ዕፅ ቢወስድበትም ቦታው ተይዟልና ብዙም አይሰማውም።

አጀማመሩ ላይ ጥንቃቄ አለው፤ ብዙ ሰው «ሞክሬው አልሆነልኝም» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ፌንታኒሉ ገና ሰውነቱ ውስጥ ሳለ ከተወሰደ ድንገተኛ ከባድ ሕመም ያመጣል። ላብ፣ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ። ስለዚህ ሕመሙ በደንብ እስኪጀምረው መጠበቅ አለበት፤ ቢያንስ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ ፌንታኒል ለሚያዘወትር ከዚያም በላይ። ወይም ሐኪሙ በጣም በትንሽ መጠን ቀስ እያለ ያስጀምረዋል። ከጓደኛ ገዝቶ ራሱን አያስጀምር። ፊልሙ ምላሱ ሥር እስኪሟሟ አሥር ደቂቃ ያህል መናገርም፣ መዋጥም፣ ውኃ መጠጣትም የለም። መራራ ነው። ከሟሟ በኋላ አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ፤ ጥርሱን ለመቦረሽ ግን አንድ ሰዓት ይቆይ፣ መድኃኒቱ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። በየቀኑ መውሰድ ለሚከብደው በሳምንት ወይም በወር አንዴ የሚወጋ ዓይነትም አለ።

ቡፕረኖርፊን ካልያዘለት ሜታዶን አለ። በሐኪም ክትትል ለዚህ ሱስ የሚሰጠው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነው። ፋርማሲ ሄደው አይገዙትም፤ ለዚሁ ፈቃድ ካላቸው ክሊኒኮች ብቻ ነው የሚሰጠው። መጀመሪያ ላይ በየጠዋቱ መሄድ ሊኖርበት ይችላል። ከ2024 ወዲህ ያለው የፌዴራል ደንብ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እስከ 7 ቀን፣ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ እስከ 28 ቀን የሚበቃ ዶዝ ቤት መውሰድ ይፈቅዳል። ክሊኒኩ የበለጠ ሊያጠብቅ ይችላልና ሲደውሉ ይጠይቁ፤ ሥራ ላለው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሦስተኛው ናልትሬክሶን በወር አንዴ የሚወጋ ነው። እሱን ለመጀመር ከሰባት እስከ አሥር ቀን ምንም ኦፒዮይድ (ፌንታኒል፣ ሄሮይን፣ ፐርኮሴትና መሰሎቻቸው) ሳይወስዱ መቆየት ያስፈልጋል። ለልጅዎ አሁን የሚሆን አይመስለኝም።

ገንዘቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቤት ሊሸጥ ነው።

ልጅዎ ሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ፣ ሊያገኝ የሚችል ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በ2025 ልጅ የሌለው አንድ አዋቂ በወር 1,800 ዶላር ገደማ ድረስ ገቢ ቢኖረው ይገባ ነበር፤ ወሰኑ በየዓመቱ ይስተካከላል። እሱ 1,400 ነው የሚያገኘው። ዜጋ ነው። ለሜዲኬይድ የምዝገባ ወቅት መጠበቅ የለም፤ በማንኛውም ወር ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን በሚባለው የስቴቱ የኢንሹራንስ መመዝገቢያ በኩል በስልክም በኢንተርኔትም ማመልከት ይችላል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በታክስ ላይ ጥገኛ አድርገው ጽፈውት ከሆነ የእናንተም ገቢ ሊቆጠርበት ይችላል። የራሱን ታክስ የሚሠራ ከሆነ የራሱ ብቻ ነው የሚታየው። ከ2020 ወዲህ የየስቴቱ ሜዲኬይድ እነዚህን ሦስት መድኃኒቶች እንዲሸፍን የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ከኪሱ የሚወጣው ጥቂት ዶላር ነው፣ ወይም ምንም።

ሁለተኛው መንገድ የአባቱ ሥራ ነው። ልጅ 26 ዓመት እስኪሞላው በወላጁ ኢንሹራንስ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ተማሪ መሆን የለበትም፣ ቤት ውስጥ መኖርም የለበትም። ብዙ አበሻ ቤተሰብ 18 ሲሞላው የሚያልቅ ይመስለዋል። ለመግባት ብዙውን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን የምዝገባ ወቅት መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ለዚህ ነው ሜዲኬይዱን ያስቀደምኩት። በዚህ መንገድ ከሄዱ ደግሞ ኢንሹራንሱ የሕክምናውን ዝርዝር በፖስታ ለዋናው ተመዝጋቢ ይልካል። ልጁ ለራሱ እንዲላክለት መጠየቅ ይችላል።

ሜዲኬይዱ እስኪመጣ ግን አትጠብቁ። በየካውንቲው የፌዴራል መንግሥት የሚደግፋቸው የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ። ክፍያቸው በገቢ ነው። ገቢው ከድህነት መስመር በታች የሆነ ሰው ትንሽ ብቻ ይከፍላል ወይም ምንም አይከፍልም፤ እስከ መስመሩ እጥፍ ድረስ ደግሞ ቅናሽ አለው። መክፈል ያልቻለ አይግባ ብለው በር አይዘጉም። ብዙዎቹ ቡፕረኖርፊን ያዛሉ። በሜዲኬይድ ማመልከቻውም የሚያግዝ ሠራተኛ እዚያው አላቸው። የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት ይዞ ይሂድ።

ያለ ምንም ኢንሹራንስ ቢሆን እንኳ ሒሳቡን ይዩት። የፌዴራሉ የዕፅ ሱስ ምርምር ተቋም ከዓመታት በፊት ባወጣው ግምት ቡፕረኖርፊን ከነክትትሉ በሳምንት 115 ዶላር፣ ሜታዶን ከነምክሩ 126 ዶላር ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ተለዋውጧል፤ ግን ለንጽጽር ይበቃል። በዚያ ሒሳብ ለ28 ቀን የጠየቁዎት 26 ሺህ ዶላር ከአራት ዓመት በላይ ቡፕረኖርፊን ያሳክማል። ፋርማሲ ላይ የንግድ ስም የሌለውን፣ ጀነሪኩን ይጠይቁ፤ ክኒኑም ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ይረክሳል። የፋርማሲ ኩፖን ካርዶች ዋጋውን ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው በጣም ይቀይሩታልና ሁለት ሦስት ቦታ ደውሎ ማወዳደር ነው። መድኃኒቱ መደርደሪያቸው ላይ መኖሩንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ሁሉም ፋርማሲ አይዝም። ሜዲኬይድ ያለውን ሰው «እኛ ካሽ ብቻ» እያሉ በየወሩ ብዙ መቶ ዶላር የሚያስከፍሉ ክሊኒኮችም አሉ። እዚያ አትሂዱ።

በጣም ከታመመ፣ ቀጠሮው ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ከሆነ፣ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። «ቡፕረኖርፊን እንዲያስጀምሩት እንፈልጋለን» ብለው በግልጽ ይናገሩ። የዬል ሐኪሞች በ2015 ያወጡት ጥናት አለ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መድኃኒቱን ከጀመሩት መካከል ከአንድ ወር በኋላ 78 በመቶው ሕክምና ላይ ነበሩ፤ የክሊኒክ አድራሻ ብቻ ይዘው ከተሸኙት 37 በመቶው። የሆስፒታሉ ቢል (የክፍያ ሒሳቡ) ያስፈራዎት ይሆናል። ሜሪላንድ ውስጥ የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት መስመር እጥፍ የማይበልጥ ታካሚን ሆስፒታሎች በነፃ እንዲያክሙ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ትንሽ ከፍ ላለው ቅናሽ አለ። ዝም ብለው ከጠበቁ ግን ቢሉ ነው የሚመጣው። የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻውን ራስዎ ይጠይቁ።

እንዴት ያገኙታል? 1-800-662-4357 የፌዴራሉ የሱስ ሕክምና መስመር ነው፤ በነፃ፣ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነውና ሴት ልጅዎ አጠገብዎ ትሁን። ፋይንድትሪትመንት ዶት ጎቭ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮድዎን ካስገቡ በአቅራቢያዎ ያሉት ይወጣሉ፤ ሜዲኬይድ የሚቀበሉትንና ቡፕረኖርፊን የሚያዝዙትን ለይቶ ያሳያል። ድሮ ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ልዩ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በ2022 መጨረሻ በወጣ ሕግ ይህ ቀርቷል፤ ጉልበቱን ያየለት የቤተሰብ ሐኪም ራሱ ሊያዝለት ይችላል። በስልክና በቪዲዮ የሚያክሙም አሉ። ሲደውሉ ረጅም ታሪክ አይንገሯቸው። «ልጄ ፌንታኒል ይጠቀማል፣ ቡፕረኖርፊን መጀመር ይፈልጋል፣ በጣም ቅርብ ቀጠሯችሁ መቼ ነው?» በቂ ነው። ከሳምንት በላይ ካሉ ወደሚቀጥለው ይደውሉ።

ስም መጥፋቱን የፈሩት ይገባኛል። በአንድ ሬስቶራንት የተወራ ነገር እስከ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይደርሳል። ግን የሱስ ሕክምና ፋይል ከሌላው የሕክምና ፋይል በጠበቀ የፌዴራል ሕግ ነው የሚጠበቀው። እርስዎም ቢሆኑ ያለ ልጁ ፈቃድ አይነገርዎትም፤ እርስዎ ለእነሱ መንገር ግን ይችላሉ። አስተርጓሚ ነፃ ነው፣ መብትዎ ነው። የሠፈር ሰው እንዳይመጣብዎት ደግሞ በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ስቴት የሆነ ይጠይቁ። ሴት ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጓት። ቀጠሮ በመያዝ ትርዳ፤ ወንድሟ ሐኪም ፊት የሚናገረውን ለመሸከም ግን እህት ናት።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት ያልሞላቸው አዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ ሜዲኬይድ አይገባቸውም፤ ለእነሱ ጤና ጣቢያዎቹ ናቸው የመጀመሪያ በር። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያልጨረሰ ሰው ደግሞ ስለ ዕፅ በኢሚግሬሽን ፎርም ላይ ከመጻፉ በፊት ጠበቃ ያናግር። ሐኪሙ ፊት ግን እውነቱን ይናገር።

አሁን ወደ አባቱ። «ሱስን በሱስ መተካት» የሚለውን ብዙ አባት ይላል፣ ከፍቅር ነው የሚለው። እንዲህ ይበሉት። ልጃችን አሁን ቀኑ በጥቂት ሰዓት ተቆራርጧል። ክኒን ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ይለቀዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እንደገና ይፈልጋል። ገንዘቡም ውሸቱም ለዚያ ነው። መድኃኒቱን ጠዋት አንዴ ሲወስድ ቀኑ ሙሉ ቀን ይሆናል። መጠኑ ሲስተካከል አያሰክረውም፤ ሥራ ይሄዳል፣ ቡና ሲፈላ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ቡፕረኖርፊን ወይም ሜታዶን የሚወስዱ ሰዎች የመሞት አደጋቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስንት ጊዜ ይወስደዋል ካሉኝ፣ ዓመት ወይም ዓመታት ሊሆን ይችላል። ፈጥነው ያቆሙት ናቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሱት። አባቱ «መቼ ነው የምታቆመው?» እያለ በየሳምንቱ እንዳይጠይቀው ይለምኑልኝ።

ጸበሉንም አይከልክሉት። በኤችአይቪ ጊዜ የሆነውን አባቱም ያስታውሳል። እንጦጦ ላይ መድኃኒታቸውን ጥለው ጸበል ብቻ ብለው የሞቱ ነበሩ። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበልና መድኃኒት አይጋጩም፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለው አስተምረዋል። ልጁ ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ይጠመቅ። አባትዬው ይዞት ይሂድ፤ ለልጁም ጥሩ ነው፣ ብቻውን እንዳልሆነ ያያል።

ሰኞ ጠዋት ስልኩን ከመደወልዎ በፊት ለልጅዎ ይንገሩት። «አብሬህ እገባለሁ፣ ከፈለግክ ደግሞ ውጭ እጠብቅሃለሁ» ይበሉት፤ እሱ ይምረጥ። ወፍራም ሹራብና የውኃ ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ፣ ሕመሙ ሲጀምረው ይበርደዋል። መጀመሪያ የደወሉበት ቦታ እምቢ ካለ፣ ወይም ሜዲኬይዱ ላይ የማይገባዎት ደብዳቤ ከመጣ፣ ስሙንና መታወቂያ ቁጥሩን ሸፍነው ይላኩልኝ። አንድ ላይ እናነበዋለን።